በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና የሚከታተሉ አዋቂዎች፦ ከ1980ዎቹ እስከ ዛሬ

ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ነው። የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ደግሞ በ1986 ሪፖርት ተደረጉ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ እስከ 2003 ድረስ ክትትል ማለት ሳንባ ነቀርሳንና ሌሎች ተጓዳኝ በሽታዎችን ማከም፣ የቀረውንም በቤተሰብና በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ላይ መጣል ነበር።

የዚህ ዘመን የተሻለ መረጃ የሚገኘው ከኢትዮ ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ በ1994 ተቋቁሞ የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትሏል። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የሲዲ ፎር (ቫይረሱ የሚያጠቃቸው የደም የመከላከያ ሕዋሳት) መጠን ከአውሮፓውያን ዝቅ ያለ መሆኑን በማሳየቱ፣ ከውጭ የመጣን ቁጥር እንዳለ መቀበል እንደማይበቃ አስተምሯል። በአገር ውስጥ ላቦራቶሪ የተሠራ ሥራ በመሆኑ ዛሬም ሊጠቀስ የሚገባው ነው።

በ2003 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ጀመረ። ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። ይሁንና ክፍያውን ችሎ የሚቀጥል ሰው ጥቂት ነበር። ታሪኩን የቀየረው በ2005 መጀመሪያ ላይ፣ በዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድና በአሜሪካው የኤድስ ዕርዳታ ፕሮግራም በፔፕፋር ድጋፍ፣ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠቱ ነው። በዚያ ጊዜ ሕክምና የሚጀመረው ሲዲ ፎር ከ200 ሲወርድ ወይም በሽታው ሲከፋ ስለነበር፣ ብዙዎች የሚመጡት በሰው ተደግፈው ነው። ሞት የሚበዛውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ነበር። እነዚያን ወራት ያለፈ ግን ክብደቱ ሲመለስ፣ ሥራ ሲገባ ታየ። በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት መድኃኒት የጀመሩት በመቶ ሺህ ተቆጠሩ። ይህ የሆነው ከ2006 ጀምሮ ሕክምናው ወደ ጤና ጣቢያ ወርዶ ነርሶችና ጤና መኮንኖች እንዲሰጡት በመደረጉ ነው። የአገሪቱ ነርሶች በዚህ ሥራ የከፈሉት ድካም ከማንኛውም ቁጥር በላይ ነው።

በሕክምና ክፍሉ ውስጥ ሥራው የዕለት ተዕለት ነበር፦ ካርድ ማውጣት፣ መመዘን፣ ብልቃጡ ውስጥ የቀረውን ፍሬ መቁጠር፣ ለቀረ ሰው ስልክ መደወል። ታካሚው በበኩሉ እንዳይታወቅበት ሰፈሩ ካለው ጤና ጣቢያ ርቆ ይሄዳል፤ የብልቃጡን ወረቀት ይልጣል፤ ታክሲ ውስጥ እንዳይንኳኳ በጥጥ ይሞላዋል። የያኔው ዋና መድኃኒት ስታቩዲን የጉንጭን ስብ ስለሚያሟሽሽ፣ ታካሚዎች በፊታቸው ይታወቁ ነበር። ከ2010 በኋላ ቀስ በቀስ በቴኖፎቪር መተካቱ ለብዙዎች ክብር መመለስ ነበር። መድኃኒት አቋርጠው ጠበል የገቡም አልጠፉም፤ በኋላ ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ በይፋ ተናግራለች፤ ይህም ያተረፈው ሕይወት ቀላል አይደለም።

ስለ ሥርጭቱ መቀነስ ያለው ክርክር አልተዘጋም። በ2003 የአገሪቱ ግምት 4.4 በመቶ ነበር። በ2005 የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ አዋቂዎች 1.4 በመቶ አገኘ፤ በ2007 የወጣው አንድ ወጥ ግምት ደግሞ 2.1 በመቶ አለ። ልዩነቱ የከተማ ነፍሰ ጡሮችን መነሻ ካደረገው የቀድሞ አለካክ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ መቀነስም ተጨምሮበታል የሚሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ይበልጥ የጠራ ነው፦ በ2011 1.5፣ በ2016 0.9 በመቶ። ይህ አማካይ ግን ብዙ ይደብቃል። በ2016 ከተማ 2.9፣ ገጠር 0.4፤ ጋምቤላ 4.8፣ አዲስ አበባ 3.4 በመቶ ነበር። ሴቶች 1.2፣ ወንዶች 0.6 በመቶ በመሆናቸው፣ በክትትል ላይ ካሉት ሴቶች መብዛታቸው አያስገርምም።

በ2016 «ምርመራና ሕክምና ወዲያውኑ» የሚለው መመሪያ የሲዲ ፎር ገደብን አስቀረ። በ2017 ደግሞ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች በስድስት ወር አንዴ እንዲቀጠሩ ተፈቀደ። ለመንገድ ገንዘብ ለማይደርሰው ወዛደርና ለገበያ ሴት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2017 እና 2018 በከተሞች የተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ያሉትን መርምሮ 3 በመቶዎቹ ቫይረሱ እንዳለባቸው አገኘ። ከእነዚህ 79 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን ያውቁ ነበር፤ ካወቁት 97 በመቶ ሕክምና ላይ ነበሩ፤ ሕክምና ላይ ከነበሩት የ88 በመቶ ያህሉ ቫይረስ ተገትቷል። ክፍተቱ ያለው ምርመራ ላይ እንጂ ክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ይህ ለጤና ባለሙያው ምስክር ነው።

የትግራይ ጦርነት ከ2020 እስከ 2022 አገልግሎቱን በእጅጉ አናግቷል። ዶሉቴግራቪር ከተባለው አዲስ መድኃኒት መግባት ወዲህ ያለው የታካሚ ስብስብ ግን ሌላ መልክ ይዟል። በ30ዎቹ ዕድሜ የጀመሩት አሁን 50ን አልፈው ግፊትና ስኳር ተጨምሮባቸዋል፤ የሚፈልጉት ሐኪም ሁሉንም በአንድ ቀጠሮ የሚያይ ነው። ቫይረሱ ከእናታቸው የተላለፈባቸው ልጆችም አድገው ወደ አዋቂ ክፍል ተሻግረዋል። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ፣ በፕሮጀክት የተቀጠሩ ብዙ ባለሙያዎች ከሥራ ወጡ፤ መድኃኒቱን ከመንግሥት በጀት የመግዛት ጥያቄም በአጣዳፊነት ቀረበ።