በውስን በጀት ትልቅ የኮምፒውተር ሞኒተር መምረጥ

ትልቅ ሞኒተር የሚባለው በአብዛኛው ስክሪኑ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ሲለካ 27 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነው ነው። ልኬቱ በሰያፍ የሚወሰድ በመሆኑ በኢንች ቁጥር ትንሽ የሚመስለው ጭማሪ በገጽ ስፋት ብዙ ይሆናል፤ በተለመደው የ16 በ9 ቅርጽ ባለ 27 ኢንቹ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድና 34 ሴንቲ ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ባለ 32 ኢንቹ 71 በ40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚደርስ የሁለተኛው ገጽ ከመጀመሪያው በ40 በመቶ ይሰፋል። ይሁንና ስፋት ከሞኒተር ባሕርያት ሁሉ በርካሽ የሚገኘው ነው። አምራቾች ዋጋው ዝቅ ያለ ትልቅ ሞኒተር ሲሠሩ የሚቆጥቡት ከፒክስሉ፣ ማለትም ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት፣ ምስሉን ከሚያሳየው ከፓነሉ ዓይነት፣ ከመቆሚያውና ከመሰኪያዎቹ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የተወሰነ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ስክሪኑ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ሳይሆን ለዚያ ትልቅነት ሲባል ምን እንደተቀነሰና የተቀነሰው ነገር ለእሱ ሥራ ያስፈልግ እንደሆነ ነው።

ቅነሳው ጎልቶ የሚታየው በፒክስል ላይ ነው። ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም ሁለት ሚሊዮን ያህል ፒክስሎች አሉት፤ ኳድ ኤችዲ 2560 በ1440 ሆኖ 3.7 ሚሊዮን፣ ፎርኬ ደግሞ 3840 በ2160 ሆኖ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ይይዛል። የፒክስሉ ብዛት ሳይጨምር ገጹ ብቻ ሲሰፋ እያንዳንዱ ነጥብ ይተልቃል፣ ፊደላትም ጠርዛቸው እንደ መሰላል ደረጃ እየሆነ ይመጣል። ፉል ኤችዲ በ24 ኢንች ላይ በአንድ ኢንች ወደ 92 ፒክስል ሲኖረው፣ በ27 ኢንች ወደ 82፣ በ32 ኢንች ደግሞ ወደ 69 ይወርዳል። ባለ 32 ኢንች ኳድ ኤችዲ ግን ተመልሶ እዚያው 92 ላይ ይገኛል፤ በሌላ አነጋገር የባለ 24 ኢንቹን ፉል ኤችዲ ጥራት ሳይነካ ገጹን ያሰፋዋል። ባለ 27 ኢንች ኳድ ኤችዲ 109፣ ባለ 32 ኢንች ፎርኬ ደግሞ 138 ያህል አላቸው።

እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት ከመቀመጫው ርቀት ጋር ሲታዩ ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ማየት የሚችለው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ አንድ ስድሳኛ ያህል የዕይታ ማዕዘን ሲኖር እንደሆነ በተለምዶ ይወሰዳል። በዚህ ስሌት በአንድ ኢንች 92 ፒክስል ያለው ስክሪን ነጥቦቹ ተለይተው መታየታቸውን የሚያቆሙት 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲራቅ ነው፤ 109 ፒክስል ላለው 80 ሴንቲ ሜትር፣ 138 ላለው 63 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ 69 ፒክስል ብቻ ላለው ባለ 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ግን ከ1.2 ሜትር በላይ መራቅ ያስፈልጋል። በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ከስክሪኑ የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በዋጋው ብዙዎችን የሚስበው ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከሶፋ ላይ ሆኖ ፊልም ለማየት እንጂ ጽሑፍ ለማንበብ የሚመከር አይደለም። እንደ ግዕዝ ባሉና አንዱ ፊደል ከሌላው በትንሽ ቅጥያ ብቻ በሚለይባቸው ጽሕፈቶች ጉድለቱ ቶሎ ይሰማል።

ይህ ሲባል ግን ፒክስል በበዛ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም። በባለ 27 ኢንች ፎርኬ ላይ ጽሑፉ በራሱ መጠን ሲታይ እጅግ ስለሚያንስ ብዙ ሰው በኮምፒውተሩ ማስተካከያ ወደ 150 በመቶ ያሳድገዋል፤ 3840 ለ1.5 ሲካፈል ደግሞ 2560 ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚዘረጋው ሰነድ ወይም ሠንጠረዥ ብዛት ከኳድ ኤችዲ ጋር እኩል ይሆናል፣ ትርፉም የፊደላቱ ጥራት ብቻ ነው። ጥራቱ ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ዋጋ ያለው ነገር ቢሆንም፣ ፎርኬን የሥራ ቦታ ለማስፋት ብሎ የሚገዛ ሰው የከፈለበትን አያገኝም። በጨዋታ ላይም የግራፊክስ ካርዱ ከኳድ ኤችዲ ሁለት ተሩብ እጥፍ የሚሆኑ ፒክስሎችን በየቅጽበቱ መሳል ስላለበት አሮጌ ካርድ ይደክማል። ለአብዛኛው የጽሑፍና የቢሮ ሥራ ከዋጋው አንጻር ሚዛን የሚደፋው ባለ 27 ኢንች ኳድ ኤችዲ ነው፤ ስፋትን ከጥራት የሚያስቀድም ሰው በዚያው ፒክስል ወደ 32 ኢንች ቢሄድ ብዙ አይጎዳም።

ከፒክስል ቀጥሎ የሚታየው የፓነሉ ዓይነት ነው። በዝቅተኛና በመካከለኛ ዋጋ የሚገኙት ቲኤን፣ አይፒኤስና ቪኤ የሚባሉት ሦስቱ ሲሆኑ፣ ኦሌድ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ቢሆንም ዋጋው ከዚህ ርእስ ክልል ያልፋል። ቲኤን ከጎን፣ ይበልጡንም ከላይና ከታች ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል። ይህ ጉድለት በትንሽ ስክሪን ላይ ቀጥ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ብዙም አያስቸግርም፤ በትልቅ ስክሪን ላይ ግን ፊት ለፊት የተቀመጠው ተጠቃሚ ራሱ ዳርቻውን የሚያየው ከጎን ነው። ባለ 32 ኢንች ሞኒተርን በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የሚመለከት ሰው የግራና የቀኝ ጠርዞቹን የሚያያቸው በ30 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ትልቅ ቲኤን በማንኛውም ዋጋ ቢቀር ይሻላል። አይፒኤስ ከየትኛውም ጎን ቀለሙን ጠብቆ ያሳያል፤ ድክመቱ ንፅፅሩ፣ ማለትም የነጩ ድምቀት ከጥቁሩ ጋር ያለው ምጣኔ፣ በአብዛኛው 1000 ለ1 አካባቢ በመሆኑ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ መምሰሉ ነው። ቪኤ በአንጻሩ 3000 ለ1 ገደማ ንፅፅር ስላለው ማታ ማታ ፊልም ለሚያይ ሰው ይመረጣል፤ ሆኖም በጨለማ ትዕይንት ውስጥ ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ከኋላው ጥላ መሰል ጭረት ይጎትታል፣ የጠርዞቹም ቀለም በመጠኑ ይፈዛል። ብዙ የቪኤ ስክሪኖች ጎበጥ ተደርገው መሠራታቸው ይህን የጠርዝ ችግር ይቀንሳል፤ 1500አር ወይም 1800አር ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የጉብጠቱን ራዲየስ በሚሊ ሜትር የሚገልጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጉብጠቱ ይጨምራል።

በማስታወቂያ ላይ የሚሰፍሩ ቁጥሮችን በጥርጣሬ ማንበብ ተገቢ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር «ዳይናሚክ» ንፅፅር የጀርባ መብራቱን በመቀያየር የሚገኝ ስለሆነ የፓነሉን እውነተኛ ንፅፅር አይናገርም። ኤችዲአር በብሩህና በጨለማ ክፍሎቹ መካከል ሰፊ ልዩነት ያለውን ምስል የሚያመለክት ሲሆን፣ «ኤችዲአር ይደግፋል» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ሞኒተሩ የኤችዲአርን መልእክት ይቀበላል ከማለት አያልፍም፤ ቬሳ የተባለው የኢንዱስትሪው ማኅበር በ2017 ባወጣው የዲስፕሌይ ኤችዲአር ምደባ እንኳን ዝቅተኛው የ400 ደረጃ የጀርባ መብራቱ በክፍል በክፍል እንዲደበዝዝ አያስገድድም፣ ያለዚህ ደግሞ የኤችዲአር ጥቅም እምብዛም አይታይም። ኤንቲኤስሲ በተባለው የቀለም ክልል ሲለካ የቀለም ሽፋኑ 45 በመቶ ተብሎ የተጻፈበት ስክሪን ቀለሙ የደበዘዘ ይሆናል፤ 72 በመቶ የሚለው ግን ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው አብዛኛው ምስል የተዘጋጀበትን ኤስአርጂቢ የተባለውን የቀለም ክልል በስፋቱ ያህላል። ከጨዋታ ውጭ ላለ ሥራ 60 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ መታደሱ፣ ይበቃል፤ 75 ወይም 100 ኸርዝ በዚያው ዋጋ ከተገኘ ገጽ ሲንሸራተት ለዓይን ይለሰልሳል።

ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት የመሰኪያውን ጉዳይ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 ብቻ ያለው ላፕቶፕ ፎርኬን የሚያሳየው በ30 ኸርዝ ስለሆነ የማውሱ ቀስት እንኳ ሲንቀሳቀስ ይንቀረፈፋል፤ ለ60 ኸርዝ በኮምፒውተሩም በሞኒተሩም በኩል ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይ ፖርት 1.2፣ ከዚህም ጋር ይህን መሸከም የሚችል ኬብል ያስፈልጋል። ምስልና የቻርጅ ኃይል በአንድ ዩኤስቢ ሲ ገመድ የሚያስተላልፍ ሞኒተር ለላፕቶፕ ተጠቃሚ እጅግ ምቹ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ስለሚል፣ እንዲሁም ሁሉም የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ምስል ስለማያወጣ፣ ላፕቶፑ ይህን መቻሉ ሳይጣራ ለእሱ መክፈል ብክነት ነው።

የርካሽ ሞኒተር መቆሚያ በአብዛኛው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከማዘንበል በቀር ከፍና ዝቅ አይልም። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ እንዲል ስለሚመከር፣ በጀርባው 75 በ75 ወይም 100 በ100 ሚሊ ሜትር የተራራቁ አራት የቬሳ ቀዳዳዎች መኖራቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ካሉ ወደፊት ሌላ ክንድ መግጠም ይቻላል።

ፎርኬ ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር መጠቀም ትልቅ ስክሪን በአነስተኛ ዋጋ ለማግኘት የተለመደ መንገድ ነው። ባለ 43 ኢንቹ በአንድ ኢንች 102 ያህል ፒክስል ስላለው ጽሑፉን ሳያሳድጉ ማንበብ ይቻላል፣ የሚገኘውም የሥራ ቦታ አራት ፉል ኤችዲ ስክሪኖች ተገጣጥመው የሚሰጡትን ያህል ነው። ችግሩ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች የቀለሙን መረጃ ጨምቀው ስለሚያሳዩ ባለ ቀለም ፊደል፣ በተለይም ቀይ ጽሑፍ በጥቁር ላይ፣ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ይህን ለማስቀረት 4:4:4 የሚባለውን ሙሉ የቀለም መረጃ መቀበሉን ማረጋገጥና በማስተካከያው ውስጥ የኮምፒውተር ሁነታን መምረጥ ይገባል። ኮምፒውተሩ ከእንቅልፉ ሲነቃ ቴሌቪዥኑ አብሮት ላይነቃ እንደሚችልም መጠበቅ ነው። ጠረጴዛው ጥልቀት ከሌለው ግን ይህ ምርጫ አንገትን ያደክማል። ለእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ሁለት ባለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ሞኒተሮች ጎን ለጎን የተሻሉ ናቸው፤ የሁለቱ ፒክስል ተደምሮ ከአንድ ኳድ ኤችዲ ይበልጣል፣ የሚያስከፍሉት በመካከል የሚቀረውን የፍሬም መስመር መልመድን ብቻ ነው።

ቢሮዎች ዕቃቸውን ሲቀይሩ ወደ ገበያ የሚያወጧቸው ያገለገሉ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል መቆሚያና ጥሩ አይፒኤስ ፓነል ስላላቸው፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚገኝ ርካሽ አዲስ የሚበልጡበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሲገዙ ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ ከዚያም ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ማየት የሞቱ ፒክስሎችን፣ በዕድሜ ቢጫ የሆነን የጀርባ መብራትና በጠርዝ በኩል የሚያፈስን ብርሃን ይገልጣል። ድምቀቱን እስከ ታች ዝቅ አድርጎ ማየትም ጠቃሚ ነው፤ የአንዳንዶቹ መብራት የሚደበዝዘው በፍጥነት እየበራና እየጠፋ በመሆኑ ከፊሉን ተጠቃሚ ራስ ምታት ያስይዛል፣ ይህንንም የስልክ ካሜራ በስክሪኑ ላይ በሚንቀሳቀሱ ጥቁር መስመሮች ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። የሞተ ፒክስልን በሚመለከት አዲስ ሞኒተርም ቢሆን የተጠበቀ አይደለም፤ አይኤስኦ 9241-307 የተባለው ዓለም አቀፍ መመዘኛ የሚፈቀደውን ጉድለት በየሚሊዮን ፒክስሉ ስለሚያሰላ፣ ፒክስሉ የበዛ ስክሪን ጥቂት የሞቱ ነጥቦች ቢኖሩትም አምራቹ ለመቀየር ላይገደድ ይችላል። በመሆኑም ምክንያት ሳይጠየቅ የሚመለስበትን የጊዜ ገደብ ከዋስትናው ዘመን ለይቶ መጠየቅና ምርመራውን በዚያ ገደብ ውስጥ መጨረስ ያስፈልጋል።