ያለ ቁልፍ የሚነቀል የብስክሌት ፔዳል

ያለ ቁልፍ የሚነቀል ፔዳል፣ ብስክሌትን በጠባብ ቦታ ለማስቀመጥ ወይም ይዞ ለመሳፈር ሲፈለግ፣ በባዶ እጅ ከክራንኩ፣ ማለትም ፔዳሉን ከሚይዘው ክንድ፣ ተላቅቆ መልሶ የሚገጠም የፔዳል ዓይነት ነው። በዚህ ሥራ በቀዳሚነት ስሙ የሚነሳው፣ በጃፓን ሳይታማ ግዛት በቶኮሮዛዋ የሚገኘውና በአጭሩ ኤምኬኤስ የሚባለው አንጋፋ የፔዳል አምራች ሚካሺማ ነው።

ተራ ፔዳል ክራንኩ ላይ የሚታሰረው እንደ ብሎን ባለ ጥርስ ነው። በአብዛኞቹ የዛሬ ብስክሌቶች ይህ ክፍል 9/16 ኢንች ውፍረት ሲኖረው፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ይይዛል፤ የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር፣ የግራው ግን ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ይህን ያስጀመሩት በዴይተን፣ ኦሃዮ ብስክሌት ይሠሩ የነበሩት የራይት ወንድማማቾች ናቸው የሚሉ አሉ፤ ቀዳሚነታቸው ግን አከራካሪ ነው። ምክንያቱ አያከራክርም፤ በጉዞ ላይ ከእግር የሚመጣው ጫና ፔርኖውን (የፔዳሉን ዘንግ) በክራንኩ ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ያዞረዋል። ስለዚህ ግሪስ ሳይቀባ የገባና ብዙ የተነዳ ፔዳል፣ እጀታው ረዘም ያለ 15 ቁጥር ቁልፍ ካልተገኘ በቀር በጄ አይልም።

የኤምኬኤስ ብልሃት ይህን ጥርስ ጨርሶ አለመነካካት ነው። በክራንኩ ላይ አጭር መቀበያ በቁልፍ ታስሮ በዚያው ይቀራል፤ የፔዳሉ ፔርኖ ጫፍ በመቀበያው ውስጥ ይገባና በሞላ የሚሠራ ቀለበት ይይዘዋል። የጋራዥ ኮምፕሬሰር ጎማ ጫፍ እንዴት እንደሚነቀል ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኢዚ በተባለው ሞዴል ቀለበቱን ወደ ክራንኩ ገፋ አድርጎ ፔዳሉን መሳብ ይበቃል፤ ቀለበቱ በድንገት እንዳይንሸራተትም ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ ይሰካበታል። መቆለፊያው ትንሽ በመሆኑ ለመጥፋት ቅርብ ነው። ከዚያ የተከተለው ኢዚ ሱፒሪየር ቀለበቱ መጀመሪያ ካልዞረ ስለማይገፋ መቆለፊያውን አስቀርቶታል፤ ከሁለቱ የተሻለው ይኸኛው መሆኑ አያጠራጥርም።

ፔዳሉ በጃፓን ተፈላጊ የሆነው ሪንኮ በሚባለው ልማድ ምክንያት ነው፤ ይህም ብስክሌትን ፈታቶ በከረጢት በመክተት በባቡር መሳፈር ነው። ልማዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 በጃፓኗ ኮኩራ ከተጀመረው ኬይሪን ከተባለው የብስክሌት ውድድር ጋር የተያያዘ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ብስክሌታቸውን ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ይዘው መጓዝ ነበረባቸው። ሌላው ሕዝብ ቆይቶ ተፈቅዶለታል። ጄአር በሚባሉት የጃፓን ባቡሮች ደንብ፣ በነፃ የሚገባ ዕቃ የሦስቱ ጎኖቹ ድምር ከ250 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም ከ30 ኪሎግራም መብለጥ የለበትም። ወደ ጎን የሚወጣ ፔዳል ደግሞ ከረጢት ይቀዳል፣ የብስክሌቱን ቀለም ይፍቃል፣ የጎረቤት ተሳፋሪንም ጉልበት ይገጫል።

ከጃፓን ውጭ ብዙ የሚጠቀሙበት የታጣፊ ብስክሌት ባለቤቶች ናቸው። ለምሳሌ ብሮምፕተን በተባለው ታጣፊ ብስክሌት ላይ አብሮ የሚመጣው የግራ ፔዳል በአብዛኛው ይታጠፋል፣ የቀኙ ግን አይታጠፍም። የታይዋኑ ዌልጎም ተመሳሳይ ፔዳል ይሠራል።

ጉድለት አለው። መቀበያው ፔዳሉን በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ መጋጠሚያው ሲያረጅ ወይም አሸዋ ሲገባበት መላወስና መንቃቃት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ ግን ብዙ ጊዜ በማጽዳትና ግሪስ በመቀባት ይስተካከላል። በአንጻሩ ለከተማ በተራ ጫማ የሚረገጠውን፣ ለረጅም ጉዞ ደግሞ ጫማ የሚቆለፍበትን ፔዳል በአንድ መቀበያ ላይ ማፈራረቅ ይቻላል፤ ሁለቱ ፔዳሎች ለአንድ ዓይነት መቀበያ የተሠሩ መሆናቸውን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ግን ያስፈልጋል።