ሕያው ኮራልን በአውሮፕላን ወደ ቤት መውሰድ

ኮራል ድንጋይ ወይም የባሕር ውስጥ አበባ ቢመስልም እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበት ስብስብ ሲሆን፣ ጠንካራ የሚባለው ወገን ከሥሩ የኖራ አጽም ይገነባል፤ ለስላሳው ይህ የለውም። ቤታቸው የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ከአርቢ፣ ከዐውደ ርዕይ ወይም ሌላ ከተማ ካለ ወዳጃቸው የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ኮራል ሳይሆን ፍራግ የሚሉትን ቁራጭ ነው። ይህም ከእናቱ ተቆርጦ በትንሽ የሸክላ መቆሚያ ላይ የተጣበቀ፣ አውራ ጣት የሚያህል ነገር ነው። በአየር ሲጓዝ ሁለት ጣጣ አለው፤ በሕይወት ማድረስና በሕግ ማሳለፍ። የመጀመሪያው በጥንቃቄ ይፈታል። ሁለተኛው ግን ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ካልታሰበበት አየር ማረፊያ ላይ የሚፈታ አይደለም።

በአብዛኛው የአኳሪየም ኮራል ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ይኖራል። ብርሃን ሲያገኝ ለኮራሉ ምግብና ኦክስጅን ይሰጣል። የታሸገ ሳጥን ውስጥ ጨለማ ነውና ይህ ሥራ ይቆማል፤ ኮራሉ ግን መተንፈሱን አያቆምም። በከረጢቱ ውስጥ ኦክስጅን እየቀነሰ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ፣ ውሃው ወደ አሲድነት እያዘነበለ ይሄዳል። በዚህ ላይ የተረበሸ ኮራል ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫል፤ ፈሳሹም በስብሶ ውሃውን ያበላሻል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ፍራጉን ከጉዞው ቀናት አስቀድመው ይቆርጡታል፤ ቁስሉ እንዲድን ነው። በጉዞው ዋዜማም አይመግቡትም።

አስተሻሸጉ ቀላል ይመስላል፤ ልዩነት የሚያመጣው ግን ዝርዝሩ ነው። ከረጢቱ አንድ ሦስተኛ ያህል የራሱ የአኳሪየሙ ውሃ፣ ቀሪው አየር ወይም ንጹሕ ኦክስጅን ይሆናል። ውሃ በዛ ማለት ኮራሉ ተመቸው ማለት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ከውሃው በላይ ያለው አየር ነው። ሥጋው ፕላስቲኩን እየታከከ እንዳይላጥ መቆሚያው በተንሳፋፊ ፎም ላይ ይሰካና ኮራሉ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ይጓዛል። ከረጢቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ተደርጎ ወፍራም የፎም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ በ24 እና በ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ቢቆይ ደኅና ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዲግሪ ካለፈ ኮራሉ አልጌውን ተፍቶ ይነጣል። በክረምት ሙቀት የሚሰጥ ትንሽ ከረጢት የሚጨምሩ አሉ፤ በወረቀት ተጠቅልሎ ከክዳኑ ሥር ይቀመጣል እንጂ ከውሃው ከረጢት ጋር አይነካካም። ደረቅ በረዶ የሚያስብ ሰው ካለ ይተወው፤ ለቆላ ባሕር እንስሳ እጅግ ይበርዳል፣ የሚለቀውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

በአንድ አገር ውስጥ የሚደረግ በረራ ቀለል ይላል። በአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽን በእጅ ሻንጣ ቢከለክልም፣ ሕያው ዓሣ ግልጽ በሆነ ዕቃ ውስጥ በውሃው እንዳለ ከተፈተሸ በኋላ እንዲያልፍ ይፈቅዳል። የኮራል ባለቤቶችም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ የመጨረሻው ውሳኔ የፈታሹ ነው፤ ፈታሹ ቢያሳልፍም አየር መንገዱ የራሱ የእንስሳት ደንብ ስላለው አልጭንም ሊል ይችላል። ሁለቱ የተለያዩ በሮች ናቸው፤ አየር መንገዱን አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። በካርጎ ለሚላክ ደግሞ ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር በየዓመቱ የሚያወጣው የሕያው እንስሳት ደንብ የሳጥኑን አሠራር ይወስናል።

አገር ሲሻገር ዋናው ሕግ ሳይተስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ስምምነት በመጥፋት ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ ይቆጣጠራል፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። ጠንካራ ኮራሎች ሁሉ፣ ከእነሱም ጋር ጥቁርና ሰማያዊ ኮራል፣ በሁለተኛው አባሪ ተመዝግበዋል። ይህም መሸጥና መሸመት አይቻልም ማለት ሳይሆን ከላኪው አገር መንግሥት የመላኪያ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በዚህ ላይ የራሱን የማስገቢያ ፈቃድ ይጨምራል። አሜሪካ የማስገቢያ ፈቃድ ባትጠይቅም ኮራሉ ለዓሣና ለዱር እንስሳት አገልግሎት መመዝገብ አለበት፤ እንዲህ ያለው ጭነት የሚገባውም እንደ ማያሚ፣ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ባሉ የተመደቡ ወደቦች ነው።

ብዙ መንገደኛ የሚሳሳተው «ለራሴ ነው፣ አልሸጠውም» ብሎ ነው። የግል ዕቃን ከፈቃድ ነጻ የሚያደርግ ደንብ በእርግጥ አለ፤ በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን ሕያው እንስሳን አይጨምርም። ለስላሳ ኮራል፣ ዞአንቲድ የሚባሉት አጽም የማይገነቡ የኮራል ዘመዶችና እንጉዳይ መሰሉ ኮራል በሳይተስ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ጉዞውን በደንብ የሚችሉትም እነዚሁ መሆናቸው ለጀማሪ ጥሩ ዜና ነው፤ ሆኖም ጉምሩክ ሊያውቃቸው ይገባል።

ከሳይተስ በላይ የየአገሩ ክልከላ አለ። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1977 ኮራል መሰብሰብንና መላክን በአዋጅ አግዳለች። ከዓለም ቀዳሚዋ ላኪ ኢንዶኔዥያ በ2018 ንግዱን አቁማ ቆይታ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በእርባታ የተገኘውን ፈቅዳለች። በአሜሪካ ፍሎሪዳና ሃዋይ ከባሕር ጠንካራ ኮራል መንቀል ክልክል ነው፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ በረራም ቢሆን ከየት እንደተገኘ የሚያሳይ ደረሰኝ መያዝ ይጠቅማል። በቀይ ባሕር ዳር ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ነው። በእስራኤል ኮራል የተጠበቀ የተፈጥሮ ሀብት ነው፤ ኤላት ዳርቻ የወደቀ የሞተ ቁራጭ ማንሳት እንኳ አይፈቀድም። ከሻርም ኤል ሼክም ኮራል ይዞ መውጣት በግብፅ ሕግ ያስቀጣል።

ስምምነቱ የተዋቸውም አሉ፤ ቅንጣቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የኮራል አሸዋ፣ ዓይነቱ የማይለይ እስከ 30 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጠጠር፣ እንዲሁም ቅሪተ አካል። ቅሪተ አካል ሲባል ለእኛ ሩቅ አይደለም፤ ባሕር የሸሸው የአፋር ዝቅተኛ ምድር ላይ የጥንት ኮራል አለ። ሳይተስ ተወው ማለት ግን የአገሩ ሕግ ተወው ማለት አይደለም።

ቤት ሲደርስ ከረጢቱ እንደታሸገ አኳሪየሙ ላይ ተንሳፍፎ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ይቆያል፤ ከዚያም የአኳሪየሙ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመርበታል። የመጣበት ውሃ ይደፋል እንጂ ወደ አኳሪየሙ አይገባም። ተባይ እንዳይከተለው በመድኃኒት ውሃ መንከሩ የተለመደ ነው፤ መብራቱም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። ዞአንቲድን የሚይዝ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ። አንዳንዶቹ፣ በተለይም ፓሊቶዋ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ አላቸው፤ በቁስል ወይም በእንፋሎት ይገባልና በፈላ ውሃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም።