በኦሲዲ የማይታዩ አስገዳጅ ድርጊቶች

ኦሲዲ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የአእምሮ ሕመም ሁለት ገጽታዎች አሉት፤ አንደኛው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ቢያባርሩትም የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰውየው ከዚያ ጭንቀት ለመገላገል ደጋግሞ የሚፈጽመው አስገዳጅ ድርጊት ነው። ኦሲዲ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እጁ እስኪላጥ የሚታጠብን ወይም በሩን ቆልፎ አሥር ጊዜ የሚመለስን ሰው ነው። ከአስገዳጅ ድርጊቶች ብዙዎቹ ግን ውሃም ቁልፍም አያሻቸውም፤ ሰውየው ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ወይም ከባልደረቦቹ ጋር ቡና እየጠጣ በልቡ ይፈጽማቸዋል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያም በልብ መጸለይን፣ መቁጠርንና ቃላትን ድምፅ ሳያሰሙ መደጋገምን ከአስገዳጅ ድርጊቶች ይመድባቸዋል። ስለዚህ «የእኔ ሕመም ሐሳብ ብቻ ነው፣ የማደርገው ነገር የለም» የሚል ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገውን ገና አላወቀውም።

ሁለቱም በአእምሮ ውስጥ የሚካሄዱ ከሆነ እንዴት ይለያሉ? አስጨናቂው ሐሳብ ሳይፈለግ ይመጣል፣ ጭንቀትንም ይጨምራል፤ አስገዳጁ ድርጊት ግን ሰውየው ራሱ የሚያደርገው ሲሆን ለጥቂት ጊዜ ያሳርፈዋል። ራክማንና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 እንዳሳዩት፣ ያልተጠሩ ክፉ ሐሳቦች በአብዛኞቹ ጤነኛ ሰዎችም ላይ ይመጣሉ። ሕመሙን የሚያጸናው የሐሳቡ መምጣት ሳይሆን ከመጣ በኋላ የሚሰጠው ምላሽ ነው።

ምላሹ መልካም ልማድ ሲመስል ለማወቅ እጅግ ያስቸግራል። አንድ ወጣት ማታ እግዚኦታውን 41 ጊዜ ሊያደርስ መቁጠሪያውን ያነሣል እንበል። 30ኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ የስድብ ሐሳብ ብልጭ ይልበታል፤ ጸሎቱ የረከሰ ስለሚመስለውም ወደ መጀመሪያው ፍሬ ይመለሳል፣ ሁለተኛውን ዙር 18 ላይ ያቋርጣል፣ እንደገና ይጀምራል። እናቱ በበሩ ስንጥቅ የመብራቱን ጭላንጭል አይታ ልጇ በጸሎት በረታ ብላ ታመሰግናለች። 41 ጊዜ መቁጠር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንጂ ሕመም አይደለም፤ ሕመሙ መመለሱ ላይ ነው። በሙስሊሞች ዘንድ ወስዋስ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ውዱኡን፣ ማለትም ከሶላት በፊት ያለውን መታጠብ፣ ደጋግሞ የሚያደርገው ሰው ይታያል፣ ኒያውን፣ ማለትም ለመስገድ የሚያስበውን ቁርጥ ሐሳብ፣ በልቡ ደጋግሞ የሚያድሰውን ግን ማንም አያየውም። አንድን ኃጢአት ለንስሓ አባት ደጋግሞ መናዘዝም ከዚሁ ሊቆጠር ይችላል፤ «ይህን ነግረኸኛል፣ አትድገመው» የሚሉ አባት፣ ሳያስቡት ከሕክምናው ዋና ክፍል አንዱን ሰጥተዋል ለማለት ያስደፍራል።

ከሃይማኖት ውጭም መልኩ ብዙ ነው። «ልጄን ብጎዳውስ?» የሚል ሐሳብ ያስደነገጣት እናት ቢላዎቹን ትደብቃለች፣ ሕፃኑን ባየች ቁጥርም ፍቅሯ አለ ወይ ብላ ልቧን ትመረምራለች። ሹፌሩ የዋለበትን መንገድ ማታ አልጋው ላይ በሐሳቡ እየመለሰ ሰው ገጭቶ እንደሆነ ይፈትሻል። ሌላው የምድጃውን ማብሪያ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ መሥሪያ ቤት ሆኖ ያየዋል፤ በኢንተርኔት የበሽታ ምልክት ሲያስስ የሚያመሽም አለ። ማስተማመኛ መጠየቅ ደግሞ ቤተሰብን ሁሉ የሚያሳትፍ ነው፤ «አጥፍቼዋለሁ አይደል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» የሚለው መልስ በፍቅር ይሰጣል፣ ዕረፍቱ ግን እምብዛም ስለማይቆይ ጥያቄው ይመለሳል።

ሕክምናው በአብዛኛው ፍርሃቱን እየተጋፈጡ አስገዳጁን ምላሽ በመተው ላይ ይመሠረታል፤ መነሻውም ቪክቶር ማየር የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ውስጥ ስለ ሁለት ታካሚዎች ያሳተመው ጽሑፍ ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን ያሉ መድኃኒቶችም በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣሉ። የማይታየው ድርጊት ካልታወቀ ግን መጋፈጡ ራሱ ከንቱ ይሆናል፤ ታካሚው ቆሻሻውን በእጁ ነክቶ በልቡ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያለ ከሆነ ምላሹን አልተወም። ስለዚህ ባለሙያዎች የሚጠይቁት ስለሚታየው ነገር ብቻ ሳይሆን «ሐሳቡ ሲመጣ ቀጥለህ በውስጥህ ምን ታደርጋለህ?» ብለውም ነው።

መለየቱም የራሱ ወጥመድ አለው። «አሁን የማደርገው አስገዳጅ ድርጊት ይሆን?» እያሉ ቀኑን ሙሉ ራስን መመርመር ሌላ ስውር ድርጊት ሆኖ ይቀራል። የሚመከረው፣ ምላሹን አንዴ በስሙ ጠርቶ፣ ጥርጣሬው ሳይፈታ ወደ ያዙት ነገር መመለስ ነው፤ ለመቁጠሪያው ወጣት ይህ ማለት የስድቡ ሐሳብ እንዳለ ከ30ኛው ፍሬ ወደ 31ኛው ማለፍ ነው።