ቤት ውስጥ ማይክሮፎን ስናወዳድር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሁለቱንም በየተራ ሰክቼ ሞከርኳቸው፤ ጆሮዬ የተሻለውን ለይቶታል።»

እውነታው፦ ጆሮ አስቀድሞ የሚያደላው ጎላ ብሎ ወደተሰማው ድምፅ ነው። የአንድ ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ልዩነት እንኳ «ጮኸ» ሳይባል «ጠራ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለ ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ድምፅን በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ከኮንደንሰር (ለመሥራት ኤሌክትሪክ ከሚፈልገው ዓይነት) በጣም ያነሰ የኤሌክትሪክ ምልክት ስለሚሰጥ፣ ሁለቱን በአንድ ጌይን (መቅረጫው ምልክቱን የሚያጎላበት መጠን) ቀርጾ ማወዳደር ዳይናሚኩን ሳይሰሙ መፍረድ ነው። ስለዚህ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን፣ የሩቅ ፏፏቴ የሚመስል ድምፅ ከአንድ ስፒከር እያሰሙ፣ በሁለቱም የሚቀረጸው መጠን እኩል እስኪሆን ጌይኑን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ የሚዘለለውም ይኸው እርምጃ ነው።

«ጥቂት ሳንቲሜትር ለውጥ አያመጣም።»

እውነታው፦ ካርዲዮይድ ማይክሮፎን (በዋናነት ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበል) ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ቤዙ ይወፍራል፤ ርቀቱ ከ30 ወደ 15 ሳንቲሜትር ሲያጥር ደግሞ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። ማሲንቆ ስቀርጽ በማይክሮፎኑ ማቆሚያ ላይ 30 ሳንቲሜትር ሲባጎ አስሬ፣ ጫፉ የማሲንቆውን ቆዳ መንካቱን ሳላረጋግጥ አልጀምርም። አቅጣጫውም እንዲሁ መጠበቅ አለበት፤ ማይክሮፎኑ ከቆዳው ወደ ደጋኑ ትንሽ ሲዞር የፈረስ ጭራው ፍትጊያ ጎልቶ ይወጣል፣ ሰሚውም ይህን የማይክሮፎኑ ጠባይ አድርጎ ይወስደዋል።

«ዳይናሚክ ማይክሮፎን የክፍሉንና የውጭውን ጫጫታ አያስገባም።»

እውነታው፦ ይህን በዋናነት የሚወስኑት ርቀትና ማይክሮፎኑ የሚሰማበት አቅጣጫ ናቸው። ዳይናሚኩ ጫጫታ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ አፍ ሥር ተይዞ ስለሚዘፈንበት ነው።

«አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ነገ ብቀርጽስ?»

እውነታው፦ ማንም ሰው አንድን ዜማ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይጫወትም። ሁለቱን ማይክሮፎኖች ጎን ለጎን አጠጋግቶ በአንድ ጊዜ በሁለት ትራክ መቅረጽ ይሻላል፤ በጣም ተጠግቶ ለሚዘፍን ድምፅ ይህ ስለማይመች፣ በእያንዳንዱ ደጋግሞ ቀርጾ ማነጻጸር ይቻላል።

«ውዱን ማንም ሰምቶ ያውቀዋል።»

እውነታው፦ ዋጋውን ያወቀ ሰው ዋጋውንም አብሮ ይሰማል። ሌላ ሰው ፋይሎቹን «ሀ» እና «ለ» ብሎ ይሰይማቸው፤ ስሞቹንም በየጊዜው ይቀያይር። በአሥር ሙከራ ምርጫዎ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ካለ፣ ለዚያ መሣሪያና ለዚያ ክፍል ርካሹን መግዛት ይበቃል።