የአኳሪየም ዓሣ ለምን ይቀጭጫል? ገንዳና ውሃ በወሎ

ደሴ ውስጥ ማኪያቶ የምጠጣበት ካፌ ባንኮኒ ላይ አንዲት ጎልድፊሽ ነበረች። ቤቷ ክብ ብርጭቆ ነው፤ ቢሞላ ከ5 ሊትር አያልፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ አየኋት። ጣት አክላ ገባች፣ ጣት አክላ ቀረች። ጀርባዋ ጎበጥ ብሏል። ዓይኗ ለጭንቅላቷ ትልቅ ሆኗል። የካፌውን ባለቤት ለምን አላደገችም ብዬ ስጠይቀው፣ "ዓሣ እኮ እንደ ዕቃው ነው የሚያድገው" አለኝ።

ይህን አባባል ኮምቦልቻም ወልዲያም ብትሄዱ ትሰሙታላችሁ። ግማሹ እውነት ነው፤ በጠባብ ዕቃ ያለ ዓሣ በእርግጥ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ዓሣው ዕቃውን ለክቶ በልኩ የሚያቆም የሚመስለን ግን ተሳስተናል። የሚያቆመው ስለታመመ ነው።

ዓሣ ከሰው በተለየ ዕድሜውን ሙሉ ማደግ ይችላል፤ ፍጥነቱ ነው የሚቀንሰው። ጎልድፊሽ በደህና ውሃ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ረጅሙ ዓይነት ያልፋል። ዕድሜውም ከ10 ዓመት በላይ ነው። ሰውነቱ ሲቀጭጭ ሆድ ዕቃው ማደጉን ቀጥሎ ይፈነዳል የሚባለው ግን ወሬ ነው።

ዋናው ጥፋተኛ አሞኒያ ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሲፈጭ አሞኒያ ይወጣል፤ አብዛኛው የሚወጣውም በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካል በኩል ነው። የተረፈ ምግብ ሲበሰብስም ይጨመርበታል። አንድ ዓሣ በቀን የሚያወጣው ቆሻሻ በ5 ሊትርም በ100 ሊትርም ያው ነው። በ5 ሊትሩ ግን 20 እጥፍ ይወፍራል። የገንዳ ስፋት ጉዳይ ባብዛኛው እዚህ ላይ ያልቃል፤ ስፋቱ የሚጠቅመው መርዙን ስለሚያቀጥነው ነው። መስታወቱን ሳይቀይር ውሃውን ቶሎ ቶሎ የሚቀይር ሰው ዓሣው ሲያድግለት የምናየውም ለዚህ ነው።

አሞኒያ ስንጥቡን ያቃጥላል። ዓሣው መብላት ይተዋል፤ የበላውም ለዕድገት ሳይሆን ራሱን ለማዳን ይውላል። ደህና ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ናይትሬት ከሁለቱ ይሻላል፤ ቢሆንም ሲጠራቀም ዓሣውን ያደክማል። ብዙ ዓሣ አርቢዎች በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ለመያዝ ይጥራሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች አዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃሉ። ቅዳሜ ገንዳ ገዝቶ እሑድ አሥር ዓሣ የሚጨምር ሰው በሁለተኛው ሳምንት ለምን እንደሚያለቅስ ገባችሁ?

እዚህ ላይ ፒኤች፣ ማለትም የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ይገባል። አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው ገዳይ ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውሃ ውስጥ የገዳዩ ድርሻ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ፒኤቹ 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ ይወጣል፤ 9 ሲሆን ደግሞ ከ30 በመቶ ያልፋል። ያው ቆሻሻ በሌላ ውሃ ሌላ መርዝ ይሆናል ማለት ነው።

ለማነፃፀር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ አለ፤ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ፒኤቹ ወደ 9 የሚጠጋ ውሃ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ግን ይኖርበታል፤ እሱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1978 ገደማ በሰው እጅ የገባ ነው። ውሃው ብዙ ስለሆነ የአንዱ ዓሣ ቆሻሻ ለሌላው አይደርስም። ያንኑ ቆሮሶ ጠባብ ኩሬ ውስጥ ብታጨናንቁት ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል፤ ኩሬው ጥብስ በማይሞላ ጥቃቅን ዓሣ ይሞላል። መቀጨጭ የብርጭቆ ዓሣ በሽታ ብቻ አይደለም።

ደሴ ላይ ሌላም ጣጣ አለ። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነፃፀር ሩብ ያህል ያንሳል። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ውጭ አገር የተጻፈ "በዚህ ሊትር ይህን ያህል ዓሣ" የሚል መመሪያ እዚህ ሲደርስ ቀነስ መደረግ አለበት። ኦክስጅን የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው። አፉ የጠበበ ክብ ብርጭቆ ከሁሉ የከፋው ለዚህ ነው፤ ከረጅምና ጠባብ ገንዳ ይልቅ ዝቅ ብሎ የተንጣለለው ይሻላል።

የጦሳ ተራራ ብርድ ደግሞ አለ። ጎልድፊሽ 18 እስከ 22 ዲግሪ ይስማማዋል፤ ደሴን ይችላታል። ጉፒና ሞሊ የሚባሉት ትናንሽ ዓሦች ግን 24 ወይም 25 ይፈልጋሉ። ያለ ሂተር ደሴ ላይ በሕይወት ቢቆዩ እንኳ ዕድገታቸው ይጎተታል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የዓሣ ሰውነት ሁሉን ነገር ቀስ አድርጎ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ለነሱ ትቀላለች።

ውሃው ከየት ይመጣል? ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባላት ደሴ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሰው በሮቶና በጀሪካን ያጠራቅማል። ለዓሣ ይህ ሳይታሰብ ጥሩ ሆኗል። የቧንቧ ክሎሪን ዓሣንም ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል፤ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን ያደረ ውሃ ግን አብዛኛው ክሎሪን ይተንለታል። ጠዋት ከውጭ ሮቶ የተቀዳ ውሃ በረዶ ነው፤ ገንዳው ካለበት ክፍል አሳድሩት። በሳምንት ከአራት አንድ እጅ መቀየር ይበቃል። ሁሉን ደፍቶ እንደ ጀበና ማጠብ አያስፈልግም። የፊልትሮውን ስፖንጅም ከገንዳው በተቀዳው ውሃ እጠቡት እንጂ ቧንቧ ሥር አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ፊልትሮውም ፓምፑም ይቆማል። ያን ቀን አትመግቡ። ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ኦክስጅን ያስገባል። ከእንጀራና ከዳቦ ፍርፋሪ በሌላውም ቀን ይቅርባቸው፤ በሁለት ደቂቃ የማያልቅ ምግብ ነገ አሞኒያ ነው።

ለመጀመር ስንት ሊትር? ለአንድ ጎልድፊሽ 75 ሊትር ገደማ፣ ለጥቂት ጉፒዎች 40። ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉ። 80 በ35 በ40 የሆነ ገንዳ 112 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ 112 ኪሎ ነው፤ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም።

የካፌው ሰውዬ ተከራክሮኝ ተከራክሮኝ በመጨረሻ እንደዚያ ያለ ገንዳ አሠራ። ጎልድፊሿ በስምንት ወር ውስጥ የመዳፌን ያህል ሆናለች። የቀጨጨ ዓሣ ልጅነቱ ሳያልፍ ከተደረሰለት ያመለጠውን በከፊል ያካክሳል። ጀርባዋ ግን እንደጎበጠ ነው።