«ወሰን» እና «ውስንነት» አንድ አይደሉም

የመመረቂያ ጽሑፍ በተያዘ ቁጥር የጥናት ወሰንና ውስንነት በምን ይለያያሉ የሚለው ጥያቄ ስለሚመላለስ፦ ወሰን ሥራው ሳይጀመር ራሳችሁ የምታጥሩት አጥር ነው፤ ውስንነት ሳትፈልጉት የገጠማችሁና ውጤቱን የነካ እንቅፋት።

የመንዝን ሙሾ የምታጠና ተማሪ «በሁለት ቀበሌ የሴቶችን ብቻ አያለሁ» ካለች ወሰን ነው፤ ምክንያቱንም ትጻፍ። ለቅሶ ቤት መቅዳት ተከልክላ አልቃሿ በኋላ ቤቷ ተቀምጣ በቃል ከነገረቻት ግን ውስንነት ነው፤ ከለቅሶው ውጪ የተነገረ ግጥም ሊያጥር፣ ስንኙም ሊዘለል ይችላልና። እንዴት እንዳካካሰችው ትጨምር፤ ለምሳሌ ሁለተኛ አልቃሽ ጠይቃ በማመሳከር። «ጊዜና ገንዘብ አጠረኝ» የሁሉም ነው፤ ምን እንዳጎደለ ካልተነገረ ባይጻፍ ይሻላል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ውስንነት በምዕራፍ አንድ ይግባ ወይስ በዘዴው ምዕራፍ የሚለው ግን እንደ ትምህርት ክፍሉ መመሪያ ይለያያል፤ አማካሪያችሁን ጠይቁ።